መስቀል በስልክ አይደርስም

ከአባቴ የተለየሁት የሠርክ ኪዳን አድርሰን ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ነው። ጸሎቱን ያደረስነው ሁለታችን ብቻ ነበርን፤ እሳቸው ካህን፣ እኔ ዲያቆን። ሕዝቡ ከዚያ በፊት በነበሩት ሳምንታት ጥቂት በጥቂት እየወጣ አልቆ ነበር። ሌላው ቄስ ከነቤተሰባቸው፣ ዲያቆናቱም ከአጎታቸው ጋር ሄደዋል። ቅዳሴ አምስት ልኡካን ይፈልጋልና ከቆመ ቆይቷል። ኪዳን ግን አንድ ካህንና አንድ ዲያቆን ካሉ ይደርሳል፤ እኔና አባቴም ጠዋትና ማታ እያደረስን የገብርኤል ደብር እንዳይፈታ ይዘነው ነበር።

አባቴ በሩን ቆልፈው ቁልፉን ኪሳቸው ከተቱና፣ "በል እንግዲህ፣ መኪናው ሳይሄድብህ" አሉኝ።

"እርስዎስ አባባ?"

"እኔማ ቁልፍ ይዣለሁ።"

መልሳቸው ይህ ብቻ ነው። እናቴ የተቀበረችው እዚያው ግቢ፣ ከዋንዛው ሥር ነው። ታቦቱም እዚያው ነው። አባቴ ሁለቱን ትተው እንደማይወጡ ከመጀመሪያውም አውቅ ነበር፤ የጠየቅኳቸው ጠየቅኩ ለማለት ነው። እኔ ከሄድኩ ኪዳኑም እንደሚቆም ሁለታችንም እናውቃለን፤ አንዳችንም አላነሳነውም። መስቀላቸውን አሳለሙኝ፣ እኔም ሄድኩ። እዚያ የቀራችሁ፣ እንደኔም ወጥታችሁ በየአገሩ የተበተናችሁ፣ ይህን የምታነቡ ከሆነ እወቁልኝ፤ የወጣሁት ነፍሴን ላድን ነው። ለማሳመር አልሞክርም።

መኪናው በቆሎ ሊጭን መጥቶ ሰው የጫነ አይሱዙ ነበር። በጆንያው ላይ ተደራርበን ተቀመጥን። አንዷ ሴት ዶሮ ይዛ ነበር፤ ዶሮዋ መንገዱን ሙሉ አልጮኸችም፣ ሕፃናቱም እንደዚያው። በየኬላው ውረዱ እንባላለን፣ ከየት እንደመጣን እንጠየቃለን፣ ወዴት እንደምንሄድ ግን እኛም አናውቅም። አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ሁለት ሌሊት አደርን። ከዚያ በአውቶቡስ ጫኑን፤ በአራተኛው ቀን ደብረ ብርሃን ላይ አራገፈን።

ወሩ ኅዳር ነው። ስለ ደብረ ብርሃን ብርድ ያልሰማ የለም፤ መስማትና መቅመስ ግን ለየቅል ነው። ጠዋት ፊቴን ልታጠብ ብል ባልዲ ውስጥ ያደረው ውሃ ላዩ ረግቶ ጠበቀኝ። እኛ አገር እኮ ማንጎ ከዛፉ ሥር ወድቆ የሚያነሳው ያጣል፤ ለመንገደኛ ሙዝ መስጠት እንደ ሰላምታ ነው። እዚህ ገብስ ነው፣ ባቄላ ነው፣ እሱም በልክ ነው። ሰዉ ክፉ አይደለም፤ ጨዋ ነው። በሩን በእጁ ይዞ "ግቡ" ይላል። እኛም በሩን አይተን "እግዜር ይስጥልን" ብለን እናልፋለን።

የተፈናቃዮች መጠለያው መዝጋቢ ጋቢ የለበሰ ወጣት ነበር።

"የትውልድ ቦታ?"

"ወለጋ።"

"የአባትህስ?"

"አንኮበር፣ ከጎረቤላ ወረድ ብሎ። በልጅነታቸው ነው በሰፈራ የሄዱት።"

ብዕሩን አስቀመጠ። "ታዲያ አንተ ተመልሰህ መጣህ እንጂ መቼ ተፈናቀልክ?"

"አንኮበርን በዓይኔ አይቼው አላውቅም።"

"ታየዋለህ፣ ቅርብ ነው። አሁን በምን ልጻፍህ? የተመላሽ ቅጽ የለንም።"

"ባለው ጻፈኝ" አልኩት። በተፈናቃይ ጻፈኝ፤ እንደ ውለታም ቆጠረው።

አንኮበርን አንድ ቀን ሄጄ አየሁት። ጉም ገደሉን ሞልቶት ስለነበር አየሁት ማለት እንኳ ይከብዳል። የአባቴን ታላቅ ወንድም አገኘኋቸው። ትውልዴን እስከ ሰባት ቤት አስቆጠሩኝ፣ አልሳትኩም፤ አቅፈው ሳሙኝ፣ የገብስ ቂጣ አበሉኝ። ከዚያ ወደ እርሻቸው አመለከቱኝ። ለአራት ወንድ ልጆች የተከፈለ፣ በሬ ለመዞር የሚቸገርበት ቁራሽ መሬት ነው። "ዘመድህ ነን፣ እንዳትጠፋ" አሉኝ። ገባኝ። አመስግኜ በመጣሁበት ሚኒባስ ተመለስኩ።

የመንፈሳዊ ኮሌጁን ደጅ የጠናሁት ከዚያ በኋላ ነው። ጸሐፊው ከደብሬ አስተዳዳሪ የድጋፍ ደብዳቤ አምጣ አሉኝ።

"አስተዳዳሪው አባቴ ናቸው። ማኅተሙም እሳቸው ጋ ነው።"

"ይላኩታ።"

"መንገድ የለም፣ ፖስታ የለም። አባቴ ስልክ የሚያገኙት ኮረብታ ላይ ሲወጡ ነው።"

"ልጄ፣ ሥርዓት አለ። አንተ ዲያቆን መሆንህን እኔ በምን አውቃለሁ?"

እዚያው ቆሜ ከውዳሴ ማርያም የማክሰኞን በዜማ ጀመርኩላቸው። ሰውየው እስከ መጨረሻው አዳመጡኝ። "ድምፅህ ጥሩ ነው፤ ድምፅ ግን ማኅተም የለውም" አሉኝ። በመጨረሻ ከመጠለያው ሦስት የአገሬ ሽማግሌዎች መጥተው በጣታቸው ፈርመውልኝ ገባሁ።

በመጠለያው አሥራ አንድ ሰው በሚያድርበት ድንኳን ውስጥ ማጥናት ስላልተቻለኝ ከተማ ውስጥ ሰርቪስ ቤት ፈለግሁ። አከራዬ እትዬ አስካለ ይባላሉ፤ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ግቢያቸውን በዓይናቸው የሚጠርጉ ሴት ናቸው።

"ተፈናቃይ ነህ?" አሉኝ።

"ተማሪ ነኝ።"

"ተማሪ ተፈናቃይ አይሆንም?"

"ይሆናል።"

"ዲያቆን መሆንህ ደግ ነው፤ አትጠጣም፣ አታመሽም። ግን እንግዳ አይመጣብኝም። አንድ ተፈናቃይ ይገባል፣ በሳምንቱ ሰባት ይሆናል።"

"እዚህ ዘመድ የለኝም እትዬ።"

"ሲገቡ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚሉት።"

ኑሮዬ እንዲህ ሆነ። ጠዋት ክፍል። ከቀኑ ስምንት ሰዓት እስከ ማታ ሦስት ሰዓት ብርድ ልብስ ፋብሪካ፤ ሱፍ አበጥራለሁ። እሑድ ማለዳ ቅዳሴ፣ ከቅዳሴ በኋላ መጠለያው ሄጄ ልጆች ፊደልና ጸሎት አስተምራለሁ። የሱፉ ብናኝ ከነጠላዬ አይወጣም። ምሥጢራትን የሚያስተምሩን የኮሌጁ ኃላፊ፣ ሁላችንም የኔታ የምንላቸው፣ በር ላይ ሲያዩኝ በስሜ ጠርተው "ይትባረክ፣ ዛሬም በግ ሆነህ መጣህ?" ይሉኛል። ክፍሉ ይስቃል፣ እኔም እስቃለሁ። በጾም ጊዜ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳልቀምስ ማሽኑ ላይ ቆሜ ዓይኔ ሲጨልም ግን የሚስቅ አልነበረም። የፋብሪካው አለቃ የእሑድ ተራ ሲደርሰኝ እንዲለውጠኝ ብለምነው፣ "አንተ ካልቀደስክ የሚሞት የለም፤ ማሽኑ ከቆመ ግን የምሞተው እኔ ነኝ" አለኝ።

እውነቱን ልናገርና፣ በዚያ ሁሉ ሩጫ ጸሎት ቀረብኝ። ስለ ጸሎት ተማርኩ፣ ተፈተንኩ፣ አስተማርኩ፤ እኔ ግን አልጸለይኩም። መጽሐፉን ገልጬ ሳላነብ እንቅልፍ ይወስደኛል። አገሬ ሳለሁ ምንም ሳላውቅ እጸልይ ነበር።

አባቴ እሑድ እሑድ ኮረብታው ላይ ወጥተው ይደውላሉ። አንድ እሑድ፣ "ኪዳኑን ምን አደረጉት አባባ?" ብዬ ደፍሬ ጠየቅኳቸው።

"አደርሳለሁ።"

"ያለ ዲያቆን?"

"የአንተንም እኔው እላለሁ። 'ተንሥኡ ለጸሎት' እላለሁ፤ ደግሞ ራሴው እነሳለሁ።" ትንሽ ሳቁ። "ሥርዓት አይደለም፣ አውቃለሁ። ግን ዝም ከሚል ብዬ ነው። ይልቅ አንተ ዲቁናህን ጠብቅ፤ መንገድ ሲከፈት ቦታህ ክፍት ነው።"

ዲቁናህን ጠብቅ ያሉኝ ቃል እንደ አደራ ሆነብኝ። በዚያ ከተማ ፋብሪካውም፣ ክፍሉም፣ ስሜም የተውሶ መስሎ ይሰማኝ ነበር። የራሴ የምለው ዲቁናዬ ብቻ ነበር።

ዘነቡን የማውቃት ከአገር ነው፤ በአይሱዙው ላይ ዶሮ ይዛ የነበረችው እሷ ናት። ነፍሰ ጡር እንደነበረች ያኔ አላወቅንም። ባሏ ሳይወጣ ቀርቷል፤ ምን እንደደረሰበት የሚያውቅ የለም። ክረምቱ ሲገባ መጠለያው ውስጥ ሴት ልጅ ወለደች። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሳው በሰማንያ ቀኗ ነው፤ ዘነቡ ቀኑን በድንኳኑ ምሰሶ ላይ በከሰል እየጫረች ትቆጥር ነበር።

ሕፃኗ በሁለት ወሯ ሳል ያዛት። ሐኪም ቤት ወስደዋት መድኃኒት ይዘው ተመለሱ፣ ሁለት ቀን የተሻላት መሰለ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ስደርስ ግን እስትንፋሷ ይቆራረጣል፣ ከንፈሯ ጠቁሯል። ያን ቀን በጸጥታ ምክንያት ባጃጅም ሚኒባስም እንዳይንቀሳቀስ ተከልክሏል። ከሁለት ሰዎች ጋር ሆነን በእግር ልናደርሳት ወጣን፤ እኔ ካለፍኩ በኋላ በተዘጋው ኬላ ላይ እግረኛም አያልፍም ተባልን፤ ሐኪም ቤቱም ጠዋት የቀደስኩበት ደብርም ከኬላው ወዲያ ናቸው። ብንለምን፣ ሕፃኗን ገልጠን ብናሳይ፣ ዘቡ ራሱ ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ማሳለፍ ግን አልቻለም። በረዶ የቀላቀለ ዝናብ እየወረደብን ተመለስን። በአጠገባችን ያለው ደብር ቀሳውስት ደግሞ ለንግሥ አንኮበር ወርደው፣ መንገዱ ከኋላቸው ተዘግቶባቸው ነበር።

ዘነቡ ልጇን ጭኗ ላይ አስተኝታ፣ "ዲያቆኔ፣ አጥምቅልኝ" አለችኝ።

"ካህን ነው የሚያጠምቀው።"

"ካህን የታለ?"

ወደ ድንኳኑ በር አየሁ።

"ሳትጠመቅ ብትሞት ፍትሐት የላትም። ከደጅ፣ ከአጥር ውጭ ነው የምትቀበረው። አባቷ የት እንዳለ አላውቅም፤ እሷን እንኳ የት እንዳለች ልወቅ።" ቀና ብላ አየችኝ። "በጭንቅ ጊዜ አይሆንም? የምትማረው አንተ ነህ። ይሆናል ካልክ ይሆናል።"

በጭንቅ ጊዜ ሰማንያው ሳይሞላ ማጥመቅ ይቻላል፤ እሱን ተምሬዋለሁ። ዲያቆን ግን አያጠምቅም፤ እሱንም ተምሬዋለሁ። ይህን ያደረገ ዲያቆን ከማዕርጉ እንደሚሻር ጭምር። ሦስቱንም ደብተሬ ላይ በቀይ አስምሬባቸው ነበር፣ ምክንያቱም በማግስቱ የምሥጢረ ጥምቀት ፈተና ነበረን።

"ይሆናል" አልኳት።

ውሃውን በኩራዝ አለዘብነው። ጎረቤቷ ክርስትና እናት ሆና አቀፈቻት። በላስቲክ ሳፋ ላይ ሦስት ጊዜ ውሃ አፈሰስኩባት፤ የካህኑን ቃል፣ ከአባቴ አፍ ለዓመታት የሰማሁትን፣ በእኔ አፍ አልኩት። ድምፄ የአባቴን ድምፅ መሰለኝና ደነገጥኩ። ሜሮን የለኝም። ከአንገቴ ላይ ማተቤን በጥሼ አሰርኩላት። ስሟን ያወጣሁላት ትቼው በመጣሁት ደብር ነው። ዘነቡ ስሟን ደጋግማ ለራሷ አለችው። ሕፃኗም ትንሽ የተኛች መሰለች።

ማታውን ከኬላው ወዲህ ወዳለው ቤቴ ገብቼ ደብተሬን ገለጥኩ። ጠዋት ፈተናው ላይ አንዱ ጥያቄ፣ "የማጥመቅ ሥልጣን ያለው ማን ነው? ያለ ሥልጣኑ ያጠመቀ ቢገኝ ምን ይሆናል?" የሚል ነበር። አብራርቼ ጻፍኩ።

ከፈተናው ስወጣ መንገዱ ተከፍቷል። መጠለያው ስደርስ ሕፃኗ ሞታለች። የደብሩ ቄስም ተመልሰው መጥተው ኖሮ፣ ከድንኳኑ በር ቆመው፣ "ክርስትና ተነስታለች?" ብለው ጠየቁ።

"ተነስታለች አባ፣ ትናንት" አለች ዘነቡ።

ቄሱ ወደ እኔ ዞሩ። "እውነት ነው ዲያቆን?"

አንገቷ ላይ ማተቤ አለ። ዘነቡ እያየችኝ ነው።

"እውነት ነው አባ" አልኩ።

ፍትሐት ተደረገላት። ከግቢው ውስጥ፣ ከአጥሩ ጥግ ተቀበረች። እኔም በፍትሐቱ ላይ የዲያቆኑን ተቀብዬ አነበብኩ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ የኔታ የፈተና ወረቀት መለሱ። የእኔን ከፍ አድርገው ለክፍሉ አሳዩ። "በግ ሆኖ የሚመጣው ሙሉ አግኝቷል። እንዲህ ነው ሥርዓት ማወቅ!" አሉ። ተማሪው አጨበጨበልኝ። ከወረቀቱ ይልቅ ያ ጭብጨባ ነው የገደለኝ። ሁሉም ሲወጣ ቀርቼ ለየኔታ ሁሉንም ነገርኳቸው።

መነጽራቸውን አውልቀው በነጠላቸው ጠረጉት፣ መልሰውም አላጠለቁትም።

"ሥርዓቱን አያውቅም ብዬ እንዳላዝንልህ፣ ሙሉ የሰጠሁህ እኔው ነኝ" አሉ። "ለእናቲቱ ነግረሃታል?"

"አልነገርኳትም።"

"እኔም አልነግራትም። ለሀገረ ስብከት ግን እጽፋለሁ፤ መጻፍ ግዴታዬ ነው። እስኪወሰን ድረስ መቅደስ አትገባም፣ የዲያቆን ቃልም ከአፍህ አይውጣ። ትምህርቱን ተማር።" በሩ ላይ ስደርስ ጠሩኝ። "ይትባረክ። እኔ ብሆን ምን እንደማደርግ አላውቅም። ይህን ግን በደብዳቤው ላይ አልጽፈውም።"

ከዚያ ወዲህ እሑድ ከሕዝቡ ጋር ከውጭ እቆማለሁ። ዲያቆኑ "ተንሥኡ" ሲል አፌ አብሮ ይከፈታል፣ እዘጋዋለሁ።

አንድ ቅዳሜ ዘነቡ ቤቴ ድረስ መጣች። ትንሽ ዳቦ በጨርቅ ጠቅልላ ይዛለች። እትዬ አስካለ በር ላይ ቆመው፣ "ዘመድ የለኝም ያልከው ይሄ ነው?" አሉ፤ ጥቁር ልብሷን ሲያዩ ግን ዝም ብለው አሳለፏት።

"ዛሬ ሰማንያዋ ነበር" አለችኝ ዘነቡ። "ክርስትናዋን የምደግስበት ቀን ነበር። አንተ ግን አስቀደምክልኝ። ልጄን ለሰማይ ያበቃህልኝ አንተ ነህ፤ እግዜር ቅስናህን ያሳየኝ።"

ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ዳቦውን ቆርሳ ሰጠችኝ፤ በላሁት። እስክትሄድ ድረስ ሌላ ሌላ አወራን፣ ስለ ብርዱ፣ አገር ቤት ስላለው ማሳ። በማግስቱ ጠዋት ተነስቼ አባቴ እስኪደውሉ ጠበቅኩ።

ነፋሱ በስልኩ ውስጥ ይሰማል። ድምፃቸው ሳስቷል። ጤና ተጠያየቅን። ከዚያ እንደተማሪ ሳልቆም፣ ሳልተነፍስ ነገርኳቸው፤ ኬላውን፣ ሳፋውን፣ ማተቡን፣ "እውነት ነው" ያልኩትን፣ የየኔታን ደብዳቤ። ዲቁናዬ ምናልባት እንደሚወሰድ፣ መንገዱ ቢከፈትም አጠገባቸው ለመቆም እንደማልበቃ ነገርኳቸው።

"አባባ፣ ይፍቱኝ" አልኩ።

"በስልክ?" አሉ። "መስቀሉ እንዴት ይደርስልሃል ልጄ? እጄ አይደርስም።" ነፋሱ ድምፃቸውን ወሰደው፣ መለሰው። "እዚያው ያሉት ይፍቱህ። እኔ ዳኛህ አልሆንም፤ እኔም የአንተን ቦታ ይዤ ነው የቆምኩት።"

አለቀስኩ። የሰሙ አልመሰለኝም።

"ስሟን ማን አልካት?" አሉኝ።

"ምን አሉ?"

"የሕፃኗን። የክርስትና ስሟን። ጠዋት ጠዋት ስለ ሙታን ስጸልይ ልጥራት። ደረሰም አልደረሰም፣ ጠሪ ይኑራት።"

"ወለተ ገብርኤል" አልኩ።

"ማን?"

"ወለተ ገብርኤል!"

መልስ የለም። ስልኩን ወደ መስኮቱ ወስጄ፣ ወንበር ላይ ቆሜ፣ በኃይል "ወለተ ገብርኤል! ወለተ ገብርኤል!" እያልኩ ጠራሁ። ስልኩ ጠፍቷል። ሰምተው ይሁን ሳይሰሙ አላውቅም፤ ከዚያ ወዲህም አልደወሉም።

በሩ ተንኳኳ። እትዬ አስካለ ናቸው፤ ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ውስጥ አንገታቸውን አስገቡና ጥግ ጥጉን አዩ።

"ማንን ነው የምትጠራው? ደግሞ ማን መጣብህ?"

"ማንም አልመጣም እትዬ" አልኳቸው።